በፀሐይ የደረቀው ዝንጅብል

ሶዶ፣ ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ ሽኩር፣

ባለፈው ደውለህ ያልከኝን አልረሳሁም። «መምህር፣ አውሮፓ ከውጭ በሚያስገባው ዕቃ ላይ እንደ ጭሱ መጠን ሊያስከፍል ነው አሉ። የኛ ዝንጅብል በፀሐይ ነው የደረቀው፤ ምን ጭስ አለው? ሳይከፍል ይገባል። የመርካቶውን ሱቅ ሸጬ ወደ ሶዶ ንግዴ ልመለስ። አንተ እሺ ካልክ እመጣለሁ።»

አጣርቼ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። ሬዲዮ አዳመጥኩ፣ ጋዜጣም ፈልጌ አነበብኩ። እዚያ ያለ ፋብሪካ ለሚለቀው ካርቦን፣ ለጭሱ ማለት ነው፣ ይከፍላል። ከሌላ አገር የሚመጣው ተመሳሳይ ዕቃ ግን ሳይከፍል ይገባና በርካሽ ይሸጣል። እሱም ድንበር ላይ ይክፈል የሚሉ ተነሥተዋል። ክርክር እንጂ ገና ሕግ አልሆነም። ደግሞም የሚያወሩት ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ነው፤ ዝንጅብልን ያነሣ አልሰማሁም።

ይህን የተረዳሁት በአንድ ምሽት ነው። ለመጻፍ ግን ሰነበትኩ።

አንተ አዲስ አበባ ልጅህ ከውሰር ዘንድ ከሄድክ ወዲህ የሶዶውን ሱቅህን የሞባይል ነጋዴ ተከራይቶታል። ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያስጮኻል። ባለቤቴ አስካለች ካረፈች በኋላ ማታ ማታ ሰው የማገኘው እዚያ ሱቅህ በረንዳ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነበር። አሁን ዜናውን ብቻዬን እሰማለሁ። ሲያልቅ «ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ይፈይዳል?» ብሎ የሚነዘንዘኝ የለም።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንጁሎን አገኘሁት፤ ያን ከቦምቤ ዝንጅብል ያመጣልህ የነበረውን ገበሬ። ጥያቄህን ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ና በለው!»

«ሕጉ የለም እኮ፣ አንጁሎ።»

«መጥቶ እዚሁ ይጠብቀው። አንተም ሰው ታገኛለህ። ፊትህን አይተኸዋል? ከኔ ዝንጅብል ብሶ ደርቋል!»

ሽኩር፣ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ «ና» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ግን አንተ ለዓመታት ዜና ስተረጉምልህ ያመንከኝ የራሴን ምኞት ስለማልጨምርበት ነው። ጨምሬበት ብትመጣ፣ አጠገብህ እንዴት እቀመጣለሁ?

ስለዚህ ለዝንጅብሉ ብለህ አትምጣ። ሱቁንም አትሽጥ።

ስትገዛ የምታደርገውን ታስታውሳለህ? ዝንጅብሉን ጆሮህ ሥር ሰብረህ ግማሹን ለኔ ትሰጠኛለህ፤ ሁለታችንም አኝከን ራሳችንን ካልነቀነቅን ዋጋ አትቆርጥም። ቅዳሜ አንጁሎ አንድ ፍሬ ሰጥቶኝ ስሄድ፣ እንዳንተ ጆሮዬ ሥር ሰበርኩት። ቀጭ አለ፤ በደንብ ደርቋል። ግማሹን ይዤ እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። በአጠገቤ የምታልፍ አንዲት ሴት ለሷ መስሏት «አይ አባባ፣ ይቅርብኝ» አለችኝ።

ግማሹ ፖስታው ውስጥ አለ። አኝከውና ደውልልኝ።

ነገ ሄጄ የሞባይል ነጋዴውን ሁለቱን በርጩማዎቻችንን እጠይቀዋለሁ። የኔ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ።

ሌላውን ግማሽ ያኘከው፣
ሚልክያስ