እንዳትረሺኝ የሚለው ድንጋይ

መጋቢት 4

የወጥ ቤቱን መስኮት ዛሬም አጠበው። ትናንት አጥቦት ነበር። ከትናንት ወዲያም… መስታወቱ ሳስቶ ሳስቶ አንድ ቀን እጁ ላይ እንዳይቀር እፈራለሁ።

ሰውዬው፣ ባሌ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቴ ሆስፒታል ሆኗል። ዕድሜ ልኩን የሆስፒታል ላውንደሪ ኃላፊ ነበር፤ አሁን የሚያጥበው አንሶላ ስለሌለ እኔና ዕቃዎቼ ተተክተናል። ማንኪያዎቼን በቁመት ደርድሯቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራበትን ጋዋኔን አጥቦ አጥቦ ከለሩ ጠፍቷል። "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ስለው ሳቀ። እየሳቀ ወደ ሹካዎቹ ተሻገረ።

ልቆጣው አስቤ ነበር። ግን ጠዋት ለሥራ ስወጣ እሱም ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ቆሞ አገኘሁት። የት ሊሄድ? የትም። ድሮ በሚወጣበት ሰዓት እግሩ ራሱ ያቆመዋል መሰለኝ። "መንገድ ላይ ተጠንቀቂ" አለኝና ጫማውን አወለቀ። አንጀቴን በላው። ይሄ ሰው ዓይኔ እያየ እያነሰብኝ ነው… ምን ላድርገው?

መጋቢት 9

ጦጢት ምሳ ልትበላ መጣች። ልጄ ገመድ ታጥቃ ገደል መውጣት ከጀመረች ወዲህ ሌላ ስም አልወጣላትም። ዛሬ ፊቷ ጠቁሯል። እሷና ጓደኞቿ የሚወጡበት ትልቁ አለት ላይ አንድ ጉደኛ በቀይ ቀለም ጽፎበታል። የሰው ቁመት በሚያህል ፊደል። ምን ብሎ? "እንዳትረሺኝ"። ለማን? ማን ያውቃል።

ወደ አለቱ የሚያስገባው መንገድ በአንዲት አሮጊት ግቢ ነው የሚያልፈው። እትዬ ይሏቸዋል። ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ ያን በር ያስከፈተችው ጦጢት ናት። አሁን እትዬ ምን አሉ? "እናንተ ባትመጡ ያ ባለጌም ባልመጣ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልጠፋ በሬን እቆልፋለሁ።"

"ከቆለፉ አለቀ፣ እማዬ። ሌላ መንገድ የለንም።"

ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ቀለሙ የዘይት ነው የውኃ?"

"የዘይት መሰለኝ፣ አባዬ።"

"መሰለኝ ብሎ ነገር የለም። በጥፍርሽ ስትፍቂው ይላጣል ወይስ ይፈረፈራል?"

ይህን ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

መጋቢት 10

መስኮቱን አላጠበም። ብሩሽ ሊገዛ ወጣ።

መጋቢት 16

አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ጣቶቹ ተፋፍቀው መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ… ጭቃውን ይዞ ሳሎን ገባ። እሱ! ምግብ አቀረብኩለት።

አፉን ሞልቶ እየበላ ነገረኝ። ቀለም ማስለቀቂያውን ይቀባል፣ ይጠብቃል፣ በፕላስቲክ ብሩሽ ያሻል፣ በውኃ ያጥባል። እንደገና ይቀባል። የሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን ይቦጭቀዋልና ክልክል ነው አሉ። ልጆቹን፣ የጦጢትን ጓደኞች፣ ውኃ በጀሪካን ከማመላለስ በቀር ምንም አላስነካቸውም። መሰላሉ የማይደርስበትን የመጨረሻውን ፊደል ብሩሹን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ ነው ያጠበው። ጦጢት ሥራ ስለነበረች አላየችም።

"ምስጢሩ ምን መሰለሽ? የእድፉን ዳር ዳር ትከተያለሽ፣ ከእድፉ ሳትወጪ። ንጹሑን አትንካ! ላውንደሪ ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ሕግ ነው።"

"ቀዩ ጠፋ ታዲያ?"

"ቅንጣት የለም።"

እንደ ሕፃን ተኛ።

መጋቢት 18

ቀዩስ ጠፍቷል…

ጦጢት ፎቶ ላከችልኝ። ያ አለት ለካ ጥቁር ነው። ዝናብና ፀሐይ ያጠቆረው፣ የድንጋይ ሽበት የወረሰው። ሰውዬው ደግሞ ፊደል ፊደሉን ብቻ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይስት፣ ቀለሙንም ጥቁረቱንም ሽበቱንም ሙልጭ አድርጎ አንስቶታል። ከሥሩ የወጣው ድንጋይ እንደ ወተት ነጭ። በጥቁር ላይ ነጭ፣ "እንዳትረሺኝ"። ቀዩ ከቅርብ ነበር የሚነበበው። ይሄኛው ከአውራ ጎዳናው ይነበባል። ቀለም አይደለም፣ በምን ይለቃል?

ሳቅኩ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አጥፉኝ ሲባል የሚጎላ ጽሑፍ! ቀና ስል ከጀርባዬ ቆሞ ፎቶውን እያየ ነበር። ስንት ሰዓት ቆሞ ይሆን?

"የኔ ሥራ ነው እንዴ ይሄ?" አለ።

መጋቢት 19

ጦጢት ደወለችለት። የሷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

"ከድጡ ወደ ማጡ ከተትከን እኮ፣ አባዬ! እትዬን ምን ብዬ ነው አሁን የምለምነው? በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ።"

"እሺ" አለ።

እሺ ብቻ። ልጆቹ ስም አውጥተውለታል፤ "ጋሽ እንዳትረሺኝ"። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር።

መጋቢት 25

መስኮቱ ላይ የዝንብ ኩስ አለ። ማንኪያዎቹ ተደበላልቀዋል። የለመንኩትን አገኘሁ፣ አይደል? ምነው ታዲያ ደስ አላለኝ? ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል። እንደዚያ ሲሆን ማየት አልችልም። ወይ ማንኪያዎቼን ደርድርልኝ ልበለው?

መጋቢት 28

የሠራሁት ጥርስ ተመልሶ መጣብኝ። ሴትዮዋ "ነጭ ይሁንልኝ" ብላ ድርቅ ብላ ነበር፣ ነጭ አደረግሁላት። አሁን ስትስቅ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ያያል። ነግሬያት ነበር እኮ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ከነጣ ያሳብቃል። ቢጫ ጠብ፣ ግራጫ ጠብ ታደርግበትና ዳሩን ታደበዝዘዋለህ፣ ከዚያ ማንም ለይቶ አያየውም…

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ። ሞኝ ነኝ! ስንት ቀን ሙሉ ያን ፎቶ ሳይ!

ቤት ስገባ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅኩም።

"ቅዳሜ ድንጋይህን ታሳየኛለህ።"

"አትምጣ ተብያለሁ።"

"እኔ አልተባልኩም። አንተ ዕቃ ትይዝልኛለህ።"

ሚያዝያ 2

በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። እትዬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቷል። አለቱ ፊት ለፊታቸው ነው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ያነቡታል።

"አጉልተኸው የሄድከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እጅህ ይባረክ። መነጽሬን ሳላደርግ ማንበብ ቻልኩ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። እኔ ከአለቱ ሥር የወደቀ ስባሪና አፈር በየላስቲኩ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጥቁሩን ለብቻ፣ ቀላ ያለውን ለብቻ፣ አመድ የሚመስለውን ለብቻ።

"ደግሞ አፈሬንም ልትወስጂ?"

"መልሼ አመጣዋለሁ፣ እትዬ።"

"አፈር ተውሶ የመለሰ ሰው አላየሁም" አሉ። ጥቂት ቀን ይጨምሩልን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አይሆንም። ግንቦት መጨረሻ ብለዋል፣ ግንቦት መጨረሻ ነው።

ሚያዝያ 5

ወጥ ቤቱ ጭቃ በጭቃ። በየሳህኑ አዋህጄ፣ ጥቁሩን ስባሪ አጠገቡ አድርጌ፣ እስኪመሳሰል። ጥርስ እንደማቀልመው ነው፣ ድንጋዩ ብቻ አፍ የለውም። ሁለተኛው ቅልቅል ላይ ቀለሙ ልክ መጣ። ከዚያ አንድ ነጭ የድንጋይ ስባሪ ሰጠሁትና "በል፣ አንተ ሞክር" አልኩት።

ብሩሹን ጭቃው ውስጥ ነከረ። ነጩ ድንጋይ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስለቅቅ ኖሬ አሁን ላቆሽሽ?"

እውነቱን ነው፣ እጁ እምቢ አለው። እጄን በእጁ ላይ አድርጌ አብረን ነካነው።  ሳቀ እንዳልል ዓይኑ እንባ ነበረው።

ሚያዝያ 12

መጀመሪያ ዳሩን። ፊደሉን ፊደል ያሰኘው ዳሩ ነው። ከፊደሉ ውጭ ያለውን ጥቁር በውኃና በለስላሳ ብሩሽ እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ላላ እያደረግን ገባ ወጣ እንዲል… በየደቂቃው "ንጹሑን ነካሁት እኮ" ይላል። ንካው! ከዚያ ጭቃውን በስፖንጅ ነካ ነካ። በመጨረሻ ሽበቱ ቶሎ እንዲበቅል ይረዳል ስለሚባል በውኃ የቀጠነ እርጎ ቀባነው።

ዕቃ ልንሰበስብ ዞር ስንል የእትዬ ውሻ የመጀመሪያውን ፊደል ከነጭቃው ልሶ ጨርሶታል። እትዬ በረንዳቸው ላይ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸውን አየሁት። የኔ እጅ ሥራ አይደለም፣ ግን ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 19

"ኝ" ብቻ ቀረ። ያ ጉደኛ እንዴት ወጥቶ እንደጻፈው እንጃ። እንጨት ላይ የታሰረ ብሩሽ ያጥባል እንጂ ነካ ነካ አያደርግም። የሰው እጅ ይፈልጋል፣ ገመድ ይፈልጋል… ገመድ ማለት ጦጢት ናት።

ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እኔ ብደውል ትመጣ ነበር፤ ግን እኔን ብላ። ከምሳ በኋላ ራሱ ደወለ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።

"ገመድ የሚይዝልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።"

 

"ስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?" አለች።

ሚያዝያ 27

ከፍታ የሚፈራ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ፣ እሱ ወንበሩን ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል። ዛሬ ያ ሰው መታጠቂያ ታጥቆ፣ የራስ ቁር ደፍቶ…

ጦጢት እንደደረሰች አለቱ ሥር ሄዳ ቆመች። በእጇ ዳሰሰችው። ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች።

"እማዬ… ሌላው ፊደል የት ሄደ?"

"አባትሽን ጠይቂው።"

አልጠየቀችውም። ቋጠሮውን አየችለት፣ ደግማ አየችለት፣ በጀርባ ባለው ዳገት ይዛው ወጣች። ከላይ ቀስ አድርጋ ታወርደው ጀመር። እኔ ከታች አንገቴን ሰቅዬ ቀረሁ።

"እንዳትለቂኝ!"

"ይዤሃለሁ፣ አባዬ።"

"እንዳትለቂኝ ብያለሁ!"

"አልለቅህም! ሥራህን ሥራ!"

ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ፣ ገልጦ ሠራ። ትንሽ ቆይቶ ፍርሃቱን ረስቶት ከድንጋዩ ጋር ሲያወራ ሰማሁት፣ "እዚህ ጋ ትንሽ ግራጫ…" ሲያበቃ እስከ መሬት አወረደችው፣ እሷም በዳገቱ ሮጣ መጣች።

"አባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩት…"

"የቱን?" አለ። "ጓንት አድርጊ፣ ገመዱ እጅሽን በልቶታል።"

እቅፍ አድርጋው ቀረች፣ ከነጭቃው። እኔ ጀሪካን የማነሳ መስዬ አለቀስኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ግንቦት 11

ዘነበ። ገና ጣራውን ሲመታው ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ድንጋዩን ሊያስጠልለው ይሆን?

ግንቦት 12

መሀል ላይ "ዳት" ብቅ ብሏል። ሌላው ይዟል። ያብዳል ብዬ ስጠብቅ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝና ሳህኖቹን አወረደ። ብቻውን አዋሃደ። ቀለሙ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምርበት ፈልጌ አጣሁ።

ግንቦት 29

ሁላችንም እትዬ በረንዳ ላይ። መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። 

"የቱ ጋ ነበር?" አሉ።

ጦጢት ጠቆመች። ሰውዬው "ኧረ ወደ ግራ ነው" አለ። እኔ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ብዬ ጠቆምኩ። ሦስታችንም ጠፍቶብናል።

"እውነቱን ልንገራችሁ?" አሉ እትዬ። "ለምጄው ነበር። ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ ለኔ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር…"  ውሻቸውን አሻሹት።

የግቢውን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ጦጢት እጇን ዘረጋች። አልፈዋት ለሱ ሰጡት።

"አንቺ መውጣትና መውረድ ነው ሥራሽ። ይሄ ግን አበላሽቶ የማይሸሽ ሰው ነው። እሱ ጋ ይቀመጥ።"

ልጆቹ "ጋሽ እንዳትረሺኝ!" ብለው ጮሁ። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው።

ሰኔ 8

ሰውዬው የለም። ቅዳሜም የለም፣ እሑድም የለም። ሌላ አለት ላይ ተጽፎ "ጋሼ ኑልን" ብለው ወስደውታል። ዳሩን እንዴት እንደሚያደበዝዙት ያስተምራቸዋል አሉ። ሳህኖቼን ሁሉ ይዟቸው ሄዷል።

የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎትና በአቧራ ተሸፍኗል፣ ውጭ ያለው ዛፍ አይታይም። በመጋቢትም እንዲህ ቆሽሾ ነበር፣ ያኔ ሳየው ልቤ ይደማ ነበር። ዛሬ ደስ አለኝ። ደስ ይበለኝ እንጂ ትንሽ ቅናትም አለችኝ… በድንጋይ? አዎ፣ በድንጋይ። ማን ያየኛል ብዬ አቧራው ላይ በጣቴ ጻፍኩ፣ "እንዳትረሳኝ"።

ሰኔ 9

ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ብርሃን። መስኮቱን አጥቦታል። ዛፉ እስከ ቅጠሉ ይታያል። መሀሉ ላይ ግን ጽሑፌ እንዳለ ነው፣ ከነአቧራው፣ ዙሪያውን ተከትሎ አልፎታል። አንድ ጣት እንኳ አልሳተም።

በሩ ጋ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቁልፉ አንገቱ ላይ።

"ይሄንንስ ለምን ተውከው?"

"ንጹሑን አትንካ ነው ሕጉ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

"መንገድ ላይ ተጠንቀቅ" አልኩት።

ወጣ።