ገብቶ ያልወጣው

ለወንድሜ፣

ጤናህስ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ጉልበቷ ቢከዳትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ አሁንም ጎረቤቱን ሁሉ በአንድ ቃል ቁጭ ብድግ ታደርገዋለች። ለሞተ ሰው ጤና እንደማይጠየቅ አጥቼው አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁህም። ልብስህና ጫማህ ግድቡ ዳር ከተገኘበት ቀን ጀምሮ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ውሃ በልቶሃል ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ልብሱ ደግሞ ተጣጥፎ! በዕድሜህ አንዲት ሸሚዝ አጣጥፈህ የማታውቀው ሰውዬ። ያኔውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የተቀደደ የቆዳ ሽፋን እንዴት እንደምጠግን የጻፍኳትን ጽሑፍ አለቃዬ ወደ ባሕር ማዶ ልካት ኖሮ፣ የአሮጌ መጻሕፍት ጠጋኞች ጉባኤ መጥተህ አስረዳን ብሎ ጋበዘኝ። በስሜ! ሃያ ስድስት ዓመት ስጠርዝ ኖሬ ስሜን ከፊርማ መዝገብ ውጭ ተጽፎ አይቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ግብዣውን ደረት ኪሴ ከትቼ ሦስት ቀን እንደ ሙሽራ ዞርኩ። ከዚያ የቪዛው ጣጣ መጣ። ከስድስት ወር የማያንስ ጊዜ የቀረው ፓስፖርት፣ የጋባዦቹ ደብዳቤ ዋናው፣ የመሥሪያ ቤት ድጋፍ፣ የባንክ ማስረጃ፣ የማደሪያ ማረጋገጫ፣ የጉዞ መድን፣ ጀርባው ነጭ ሆኖ ጆሮ የሚያሳይ ፎቶ። ጆሯችንን ታውቀዋለህ፤ ለማሳየት ሳይሆን ለመደበቅ ነው የሚያስቸግረው። ወደ አገርህ ለመመለስህ ምን ማረጋገጫ አለህ በሚለው መስመር ላይ «እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አይታ ሳቀችና ይሄ ሰነድ አይባልም ብላ አስፋቀችኝ።

አንድ ነገር ግን ከማንም ቀድሜ አሰብኩ፤ ጣታችንን። ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት ስናሳሳ፣ የደረቀ ሙጫ ከጣታችን ስንልጥ የኖርን ሰዎች አሻራ የለንም። መታወቂያ ልናወጣ የሄድን ጊዜ ጸሐፊው ደጋግሞ ጣታችንን ቀለም ነክሮ ከጥቁር ነጥብ በቀር አንዳች ቢያጣ፣ እናንተ ሰይጣን ናችሁ እንዴ ያለንን መቼም አልረሳኸውም። እና ማሽኑ እንዳያሳፍረኝ፣ ይህ ሠራተኛ አሻራው በሥራው ምክንያት ጠፍቷል የሚል ደብዳቤ በማኅተም አጽፌ ከሰነዶቹ ጋር አያያዝኩ። ብልጥ ነኝ ባይ! ነገር ፍለጋ ሄድኩ፣ ነገርም አገኘሁ።

የኤምባሲው ክፍል ነጭ ነው። መስኮት የለውም፤ ሰው ሞልቶበት እንኳ የሚያስል አንድም ሰው የለም። ተራዬ ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴት ጣቶቼን ማሽኑ ላይ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ፤ አረንጓዴው መብራት ተመላለሰ፣ ተመላለሰና ምንም አላነበበም። ደብዳቤዬን በኩራት አሾለኩላት። አነበበችው። ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ኮምፒውተሩን አየች። በመዝገባቸው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ የመጣ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ነገረችኝ። ስሙ የእኔ ስም ነው። የትውልድ ቀኑ የእኔ ነው። ደብዳቤውን የጻፈለት የድሮው አለቃችን ነው። ቀጥላ በጨዋ ደንብ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ገብተዋል፣ መውጣትዎ ግን አልተመዘገበም፣ በእኛ መዝገብ አሁንም እዚያው ነዎት አለችኝ።

ወለሉ ላይ መቆሜን ለማረጋገጥ እግሬን አየሁት። ፎቶውን አዞረችልኝ። ጆሮው የእኔ፣ ሸሚዙም የእኔ። ከንፈሬን ግን እንደዚያ አልገጥምም። እንደዚያ አድርጎ ሳቁን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማህደሩን አስመጥታ ትገልጥ ጀመር። ለእኔ ተገልብጦ ነበር፤ ግን የተገለበጠ ገጽ ማንበብ ሥራችን አይደል? ያኔ ለሥልጠና በስሜ የመጣውን፣ እማዬን ትቼ የትም አልሄድም ብዬ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩትን ግብዣ አየሁት። የምታርፍበትንም አድራሻ አየሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምልከው ወደዚያ ነው። ወንድምና እህት በሚለው መስመር ላይ፣ በእኔ ስም ሆነህ፣ «መንታ ወንድም ነበረኝ፤ ውሃ ወስዶት ሞቷል» ብለሃል። ቅጹን የፈረምክበትንም ቀን ጽፈሃል። ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት። ከግድቡ በፊት ዘጠኝ ቀን ነው።

ከሞትክ በኋላ ዘጠኝ ቀን አብረን ሠርተናል። አንድ ክፍል ተኝተናል። በአንዱ ቀን እንዲያውም፣ በሩብ ሰዓት እበልጥሃለሁና ጋሼ በለኝ እያልክ ሙጫውን ደፍተህብኝ፣ እየተሳሳቅን ወለሉን ፈግፍገናል። ከማን ጋር ነበር የምስቀው? አሁን ያንን ቀን ሳስታውሰው ከጠረጴዛው ማዶ ማንም የለም።

ሴትዮዋ ሁለት ወረቀት አቀረበችልኝ። አንደኛው ይህ ሰው እኔ አይደለሁም ይላል፤ እሱን ብፈርም ጉዳዬ ይታያል፣ በስሜ እዚያ የሚኖረውን ሰው ግን ፈልገው ይይዙታል። ሁለተኛው ይህ ሰው እኔ ነኝ፣ ከተፈቀደልኝ ጊዜ በላይ ቆይቼ ሳልመዘገብ ወጥቻለሁ ይላል፤ እሱን ብፈርም አንተን የሚፈልግ የለም፣ እኔ ግን በዚያ በር መቼም አልገባም። አልዋሽህም፣ ብዕሩን አንደኛው ላይ አኑሬው ነበር። ተናድጃለሁ። በስሜ ገባህ፣ በሸሚዜ ገባህ፣ እኔን ከእማዬ ልቅሶ ጋር ቆልፈህብኝ ሄድክ። ይቺ ጠረጴዛ ለሁለት ሰው ትጠባለች ትል ነበር፤ ታዲያ ሰፋልህ? እኔም ያቺን ጉባኤ ፈልጌያት ነበር። በዕድሜዬ ለራሴ ብዬ የፈለግኩት ነገር እሷ ብቻ ናት።

ግን በሕይወት አለህ። ይህን ለራሴ ስደጋግመው እጄ ሁለተኛውን ፈረመ። እኔ ነኝ አልኳት። ማኅተሟን ከመታች በኋላ ለወጉ ያህል፣ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አላስታውሰውም አልኳት።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከአንተ ወዲህ የለበሰችውን ጥቁር እስከ ዛሬ አላወለቀችም። ከለከሉኝ አልኳት፤ ይህችን ብቻ። ስለ ማህደሩም፣ ስለ ሴትዮዋም፣ ስለ አንተም ትንፍሽ አላልኩም። ምን ጎደለብህ ብላ አልጠየቀችኝም። በሩ መዘጋቱን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድምህ ፎቶው ላይ ከስቷል ወይ አለችኝ።

ደህና ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ክፉ አይንካህ። የምትገባበት በር ሁሉ ይከፈትልህ፤ የሚፈልግህ ሰው ደጅህን አይምታው። ስሜን በደህና ኑርበት።

መንታ ወንድምህ