ትልቋን ምረጪ

ኅዳር 3
በቅደም ተከተል ልጻፈው።
ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት፦ ጉንዳን የዶክትሬት ተማሪዬ ሆነች። ስሙን ያወጣንላት በትጋቷ ነው።
በዚያው ዓመት፣ ጥር፦ የእርሾ ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞችን ከሚጎትቷቸው ክሮች ጋር የሚያያይዘውን ፕሮቲን መረጥን። ቅርጹ ረዥም ዘንግ ነው፤ መሃሉ ላይ እጥፋት አለው።
የካቲት፦ እጥፋቱን ቆርጣ አወጣች። ሴሎቹ በደህና ተከፈሉ።
ያለፈው ሚያዝያ፦ «እጥፋቱ ለመያያዝ አያስፈልግም» የሚለውን ጽሑፏን ጨረሰች።
ኅዳር 14፦ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች።
ዛሬ፦ የጠራ ፎቶ ስለፈለገች ቆረጣውን እኔው ከመጀመሪያው ደገምኩት። ቀላል ሥራ።

ኅዳር 6
ሴሎቹን ያራባሁበት ሳህን ላይ አርባ ነጥቦች ወጥተዋል፤ እያንዳንዷ ከአንዲት ሴል የተባዛች። ሠላሳ ስምንቱ የመርፌ ጫፍ ያህላሉ። ሁለቱ ግን ድንቡሽቡሽ ብለዋል... ለምን? አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው።

ኅዳር 8
ትንንሾቹን በማይክሮስኮፕ አየሁ። ክሮሞዞሞቹ አልተያያዙም፤ ሁለቱም ቅጂ አንድ ወገን ተከምሮ ሌላው ሴል ባዶ። ፎቶ አነሣሁ። መቶ ሴል ቆጠርኩ። እንደገና መቶ።
እጥፋቱ ያስፈልጋል።
ትልልቆቹ በደህና ይከፈላሉ። ሌላ ፕሮቲን በአጋጣሚ ተለውጦ ጉድለቱን ሸፍኖላቸዋል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?
የጉንዳን ሦስት ዓመት ከየትኛዋ ነጥብ ተነሣ?

ኅዳር 9
እንደ ዋዛ ጠየቅኋት።
«ያኔ ከሳህኑ ላይ የትኛዋን ነበር ያነሣሽው?»
«ትልቋን ነዋ፣ ጋሼ!» ሳቀች። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹ትልቋን ምረጪ፣ በሚጢጢዎቹ ዓይንሽን አታጥፊ› ያሉኝ? ለአዲስ ገቢዎቹ ሁሉ እንደ ጸሎት ነው የማስደግማቸው።»
ብያለሁ። ቃል በቃል።
«ምነው ፊትዎ ገረጣ?»
«ምሳ አልበላሁም።»
በልቼ ነበር።

ኅዳር 12
ልንገራት? ሁለት ቀን ሲቀራት?
በሩን አንኳኳች። እናቷን ይዛ መጥታለች፤ ቤተ ሙከራውን ልታሳያቸው። እናትየው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄን ሰው አደረጉልኝ።»
ዓይኔን ወደ ወለሉ ሰበርኩ። ጉንዳን «ጋሼ ሲመሰገኑ ያፍራሉ» ብላ አሳቀቻቸው።

ኅዳር 14
አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ነጥቧን በምን መስፈርት መረጥሽ?»
እኔን አየች... ፈገግ ብላ። ምንም አትጠረጥርም። «በቤተ ሙከራችን ደንብ መሠረት። ትልቋን።»
ሰውየው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወደ እኔ ዞሩ።
«አማካሪው የሚጨምሩት ነገር አለ?»
የኅዳር 8ቱ ፎቶዎች በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ጠርዛቸው ደረቴን ይወጋኛል።
በሙሉ ድምፅ አለፈች። ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ናት። እናቷ አለቀሱ።
ምንም አልጨመርኩም።