ቆርቆሮውን ከእጄ ነጠቀኝ

እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ዛሬ ልጄ ከዱራሜ መጣ። ክረምት ሲገባ እንስራ ተሸክሜ ከወደቅሁ ወዲህ ጠቅልዬ እሱ ቤት እንድገባ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እንሰቴን ትቼ የትም አልሄድም።

ሦስት ወር ሙሉ ለዚህ ቀን ስዘጋጅ ነበር። ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ፣ ዕድሜው የገፋ ሰውም ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ ክብደት ቢጨምር ጡንቻው ይጠነክራል የሚል አነበብሁ። በላምባ ቆርቆሮ ውሃ እያነሳሁ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጣሳ ጨመርሁ። መጀመሪያ በየቀኑ ሳነሳ ትከሻዬ አበጠ። ቁራጩን መልሼ ባነበው ለካ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ ይላል። ገበያ የማወጣውን እንቁላልም ራሴ መብላት ጀመርሁ። አሁን ሙሉውን ቆርቆሮ ከምንጩ እስከ ቤት አንዴም ሳላሳርፍ አመጣለሁ።

ይህንኑ ላሳየው ዛሬ ወደ ምንጩ ይዤው ወረድሁ። ሞልቼ ላነሳ ስል ከእጄ ነጠቀኝ።

«ተው አንተ! እኔ ነኝ የማነሳው፣ ቆመህ እይ!» አልሁት።

«እማዬ፣ እናቱን አሸክሞ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል እንድባል ነው?»

ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። ሱሪውም ጫማውም ራሰ። በሩ ላይ ስንደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አየሽ?» አለኝ። «እኔን እንዲህ ካደረገኝ አንቺንማ ይገድልሻል። የሚመጣው እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

የእኔን ጉልበት በራሱ ትንፋሽ ለካው።