አባባ የተወዳደረበት ምርጫ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለቨርሊን፤

እንደምን ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መረብ ስትጎትት ያምሃል? ሚስትህና ሕፃኗስ ደህና ናቸው? እኛ በጤና አለን፤ እኔ ግን ከረቡዕ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም፤ ቢወጣልኝ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የጉድጓዳችን ውሃ ከላይኛው የከብት እርባታ በሚወርደው ፍግ ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። እማዬ ዛሬም የምታበስለው በጀሪካን በምናመጣው ውሃ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ቀዮቹም ሰማያዊዎቹም፣ ከእርባታው ባለቤት ጋር እጅና ጓንት ስለሆኑ ትንፍሽ አላሉም። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ብሎ አባባ በሰባ አንድ ዓመቱ ለስቴቱ ምክር ቤት በግሉ የተወዳደረው ለዚህ ነው። እንደማያሸንፍ ያውቃል። ከመቶ አምስት እንኳ ቢያገኝ ግን ሁለቱም ሳይወዱ በግድ ስለ ውሃው ያወራሉ ብሎ ነው።

ያላንኳኳነው በር የለም። ዓርብ ዓርብ አሳ ጥብስ ወደምንበላበት መጠጥ ቤት ስንገባ ሁሉም ያቅፈዋል። የራሱ ጉድጓድ የሚሸተው ጎረቤታችን ጎርዲ፣ "ኦርቫል ሙት፣ እውነቱ አንተ ጋ ነው! ግን ድምፄን ላንተ ብሰጥ ያ የቀዮቹ ሰውዬ ይገባብናል። በሚቀጥለው ያንተ ነኝ" አለው። ቢራም ጋበዘው። እስከሚቀጥለው ምርጫ ምን ሊጠጣ ነው ይሄ ሰው? ያንኑ ቃል ከስንቱ አፍ እንደሰማሁ አትጠይቀኝ።

ረቡዕ ጠዋት የሰፈራችን ውጤት በማዘጋጃው በር ላይ ተለጥፎ ሦስታችን ሄደን አየን። ቀዮቹ 112፣ ሰማያዊዎቹ 97፣ አባባ ኦርቫል 0።

ቨርሊን፣ እኔ አልመረጥኩትም። ወረቀቱን ይዤ ስቆም የቀዮቹ ሰው በአንድ ድምፅ ቢያሸንፍስ ብዬ ፈራሁና የሰማያዊውን ክብ አጠቆርኩ፤ ለአባባ እማዬ አለችለት ብዬ ተጽናናሁ። እማዬም እኔን ተማምና ኖሯል፤ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። ጎርዲን ስጸየፍ የከረምኩት ሴትዮ በምን እሻለዋለሁ? እሱ እንኳ ፊት ለፊት ተናግሯል። የቀዮቹ ሰውዬ ደግሞ በጠቅላላው የምርጫ ክልሉ በሦስት ሺህ ድምፅ ልዩነት አሸነፈ፤ የእኛ ብልጠት ለምንም አልጠቀመ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የእኛስ ይሁን፣ የአባባ የራሱ ድምፅ የት ሄደ? ጠየቅኩት። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

"ሰውዬው እንዳይገባ ፈራሁ፣ ልጄ። እናንተ ሁለታችሁ አላችሁልኝ ብዬ ነበር" አለኝ።

እማዬ በጣም ናፍቃሃለች፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ "ድምፅ ስለሰጠሁበት ነገር ለቨርሊን አትጻፊ" ብሎኝም ነበር። ሚስትህን እቀፋት፣ ሕፃኗን ሳምልኝ። ለገና ስትመጡ ግን ሕፃኗ የምትጠጣውን ውሃ ይዛችሁላት ኑ።

እህትህ ማርሊስ
ዊስኮንሲን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018