የረቡዕ ኅብረታችን ዜና ዕረፍት

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩቲ፣ ሀዋሳ ገብታ ለተሸሸገችው፦

በቅድሚያ ልብሽን አጽኚ። ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ፣ ወንበር ከሌለ ግድግዳ ያዢ። በእናታችን በወይዘሮ ገበያነሽ ሳሎን ለዓመታት በየረቡዑ ሲዘምር፣ ሲያለቅስና ዳቦ ሲበላ የኖረው የጸሎት ኅብረታችን ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ሳለ ድምፀ መረዋ፣ ሻይ ላይ ስኳር የማይሰስት፣ የሰው ጓዳ በማወቅም ወደር የሌለው ነበር። ገዳዩ ታናሽ ወንድምሽ ነው። እጄን አልሰጠሁም፤ የሚይዘኝም አልመጣም።

ይህን በስልክ እነግርሽ ነበር። አታነሺም። በቴሌግራም እንዳልጽፍልሽ ብሎክ አድርገሽኛል። የሐይቁን ጉማሬ ፎቶ ልኬ «አዲሷ አለቃሽ ናት ወይስ አንቺ?» ስላልኩ ሰው ይቀየማል? ስለዚህ ይህን ወረቀት የሀዋሳ መስመር ለሚነዳው ለዓምሃ እሰጠዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ወድቄ ከቀረሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ጆሮዬን ለማከክ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ዝም ብለሽ አንብቢ።

እሺ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ተናድጃለሁ፣ ሩቲ። በእማዬ ተናድጃለሁ፣ በኅብረቱ መሪ በወንድም መሳይ ተናድጃለሁ፣ በድሮው አለቃሽ ተናድጃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን በአንቺ። የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ ስትሸሺ ግማሹን ብቻ ይዘሽ ነው የሄድሽው።

ባለሱቁ ጋሽ ሸፊ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አይበላም፣ አይናገርም። ሚስቱ እትዬ ዘይነብ ለገዢው ሁሉ «ወራቤ ሄዷል፣ የአባቱን መሬት ሊያይ» ትላለች፣ እኛም አምነን ዳቦና ሳሙናችንን ገዝተን እንሄዳለን። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ቢሯችሁ የተላከ ኬዝ ነውና። ማክሰኞ ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን በጓሮ በኩል ትገቢያለሽ። አንድ ቀን «ለመሆኑ ሶሻል ወርከር ማለት ምን ይሠራል?» ስልሽ «አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ይላል» አልሽኝ። ደመወዝ እየተከፈለሽ ቁጭ! እኔ በነጻ ቁጭ ስል ሰነፍ እባላለሁ።

ግን ሠራ። ሰውየው ጢሙን ተላጨ። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ተነስቶ ወጣና ለአንዲት ልጅ ስኳር መዘነላት። ያን ቀን ቤት ስትገቢ እየዘመርሽ ነበር። ለእኔ ትንፍሽ አላልሽም፤ «ጥሩ ቀን ነበር» ብቻ። በማግስቱ ረቡዕ ግን ደስታው ሞልቶ ፈሰሰብሽ። ወንድም መሳይ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲሉ ተነሳሽ።

«ሸክም አለኝ። አንዲት ባለሱቅ እናት አለች፣ ስሟን አልጠራም። ባሌ አገር ቤት ሄዷል ትላለች እንጂ ጓዳ ተኝቶ ነው፤ አእምሮው ዝሏል። ጌታ መፈወስ ጀምሯል፣ እንዲጨርስለት ጸልዩለት።»

ሩቲ! በዚህ ቁልቁለት ላይ ባሏ አገር ቤት የሄደ ባለሱቅ ስንት አለ? ስሟን አልጠራሽም፣ የቤት ቁጥሯን ግን ነግረሻቸዋል እኮ!

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዳቦ ገዢው ተሰልፎ ሳለ፣ ወንድም መሳይ ፊት፣ እነ እማዬ ከኋላ ሆነው ሱቁ በር ላይ ደረሱ። «ዘይነብ፣ ባልሽን የያዘው መንፈስ ነው። እንዳትፈሪ፣ እናስለቅቀዋለን!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሸፊ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማ። እትዬ ዘይነብ በሩን ጠርቅማ ዘጋች፤ እነሱ ደግሞ ከውጭ ሆነው መዘመር! በፍቅር እኮ ነው። በፍቅር የሚደረገው ነገር ነው የሚያናድደኝ፣ መልሰሽ እንኳ አትሳደቢው።

ሮጠሽ ሄድሽ። ዘይነብ ከውስጥ «ሂጂ!» አለችሽ። አለቃሽ «እምነትሽን በር ላይ አስቀምጠሽ ግቢ ብዬሽ ነበር» አለ። ወንድም መሳይ ደግሞ «እህት ሩቲ አላጠፋችም፣ ዓለማዊው ሥራዋ ነው የሚያስጨንቃት» አሉ። አንቺስ? ሁለቱንም አመንሽ! ሻንጣሽን ስትዘጊ ያልሽኝን አልረሳሁም፦ «አብረው አይሄዱም ማቲ። ወይ እጸልያለሁ፣ ወይ እሠራለሁ።» ከዚያ ሀዋሳ ገብተሽ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥሽ፤ ዓይናቸውን አይተሽ ስለማታውቂያቸው ሰዎች ሪፖርት ትጽፊያለሽ። እማዬ እንደምትለው ከሆነ ደግሞ መጸለዩንም ትተሽዋል። ጎበዝ! ሁለቱንም ጣልሻቸው፣ አሁን ማንም አይጣላብሽም።

አብረው አይሄዱም ያልሽው ውሸት ነው። ነገሩን ያበላሸው ጸሎትሽ አይደለም፣ አፍሽ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከመሄድሽ በፊት ሽንት ቤት ገብተሽ በሩን ቆልፈሽ፣ እኔ ስደበድብ «ማቲ፣ እየጸለይኩ ነው!» ትዪኝ አልነበረም? ያ በር ተዘግቶ የተጸለየው ክረምቱን ሙሉ ማንን ጎዳ? ከእኔ ፊኛ በቀር ማንንም።

አሁን ወደ ግድያው ልመለስ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ረቡዕ ወንድም መሳይ ዓይናቸውን ጨፍነው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» አሉ። እኔ ተነሳሁ። እማዬ ደነገጠች፤ እኔ ለዳቦው እንጂ ለጸሎቱ ተነስቼ አላውቅም።

«እኔም ሸክም አለኝ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ እሳቸው አወፍሬ። «አንዲት እህት አለች፣ ስሟን አልጠራም። በሯ ሰማያዊ ነው፣ ውሻዋ አንድ ዓይና ነው። ከፋሲካ ወዲህ ከምራቷ ጋር አይነጋገሩም። ምራቴ ሰጠችኝ እያለች የምትለብሰውን ሻርፕ ግን ራሷ ነች የገዛችው። እንጸልይላት።»

አንድ ሰው በልማድ «አሜን» አለ፣ ከዚያ አፉን ያዘ። እህት ኢየሩ ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«አንድ ወንድም ደግሞ አለ፣ ስሙን አልጠራም። የጾም ጸሎት ሳምንት ያወጀልን እሱ ነው። በዚያው ሳምንት በጓሮ በር ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ ሲበላ ታይቷል። ኅብረት ይመራል፤ ስሙን ግን አልጠራም።»

«ማቲ!» አለች እማዬ።

«አንዲት እናትም አለች» አልኩ፤ ማቆም አቃተኝ። «ስሟን አልጠራም። ልጇ ሀዋሳ ሄዳ ስልክ አታነሳም። ጎረቤት ሲገባባት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እሺ ሩቲዬ፣ እሺ የኔ ልጅ ትላለች። ስልኩ ግን ባትሪው ካለቀ ሁለት ቀኑ ነው።»

ለቀልድ የጀመርኩት ነበር፣ እመኚኝ።

ወንድም መሳይ ተነሱ። «በዚህ ልጅ ውስጥ ያለው—»

«መንፈስ ነው? እንግዲያው ውጭ አውጡኝና ሱቅ በር ላይ ጸልዩልኝ! ዳቦ የሚገዛው ሁሉ እያየኝ!»

የእማዬ ጫማ ከጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ ነፋሱ ተሰማኝ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ፤ የሞቱን ሰዓት መዝግብ ካልሽኝ ያ ነው። ብቻዬን በላሁት፣ አልጣመኝም።

በማግስቱ እማዬ አላናገረችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እኔም ከሩቅ ተከተልኳት። እትዬ ዘይነብ ሱቅ ደርሳ ገዢው እስኪያልቅ ከዳር ቆመች።

«ምን ልስጥዎት?» አለች ዘይነብ፣ ፊቷ እንደ በረዶ።

«ምንም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ልጸልይልሽ አልመጣሁም።»

«ሲያዋርዱኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ይቅርታው ማንም የሌለ ጊዜ ነው?»

እማዬ ዞራ ሄደች። እኔ በቃ ኮራች ብዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ሲሞላ፣ ተመልሳ መጣች። እዚያው መሀል ቆመችና «ጎረቤቶች፣ ስሙኝ! ያን ሐሙስ እዚህ በር ላይ የጮህነው እኛ ነን ያጠፋነው። ያልተጠራንበት ጓዳ ገባን። ዘይነብ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ስለ ጋሽ ሸፊ አንዲት ቃል አልወጣትም። እማዬ እኮ ናት ሩቲ! ወጥ ሳይጣፍጥ እንኳ «ጨው ያንሰዋል» ያላትን ሰው ዓመት የምታኮርፈው።

ዘይነብ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠቻት፣ ከሰልፉ አስቀድማ። ከዚያ ቀስ ብላ «ሩቲ የት ናት?» አለች።

«ሀዋሳ ሄደች።»

«እኔ በጸሎቷ የተቆጣሁ መስሏት ነው? እኔስ ዱዓ አላደርግም? ምስጢሬን በማውጣቷ ነው የተቆጣሁት፤ በንዴት ሂጂ አልኳት። ሂጂ ሲባል ይኬዳል እንዴ! በማክሰኞው ተመልሳ ብትመጣ ሰድቤያት፣ አልቅሼ፣ እከፍትላት ነበር። አልመጣችም። ሸፊ አሁንም ማክሰኞ ሲሆን ፊቱን ይታጠባል።»

ፊቱን ይታጠባል፣ ሩቲ። ሌላውን ቀን ተይው፣ ማክሰኞ ይታጠባል፣ ወንበሩንም ወደ አንቺ ቦታ ያዞረዋል። ይሄ ነው ያልያዝሽው ግማሽ። አንቺ ሀዋሳ ተቀምጠሽ «በደልኳቸው» እያልሽ ታለቅሻለሽ፣ እሱ ወንበር ያዘጋጃል። እንዴት አልናደድ?

እማዬ ዞራ አየችኝ። «ማቲ ሥራ የለውም» አለች። ፍርድ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ካርቶን ላይ ዳማ ሠራሁ፣ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ዝም ብሎ ይጫወታል፣ ዝም ብሎ ይበላኛል። አንድ ቀን «በላሁህ» አለኝ። ያችን አንዲት ቃል ይዤ ዳገቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ለማንም ግን አልነገርኩም። ሰማሽኝ? ለማንም!

ዛሬ ግን አበላሸሁት። ቀልድ ነገርኩት፤ ቀልዱ ላይ ስለ ባሏ የምትዋሽ ሚስት አለችበት፣ አላሰብኩበትም። ቆርኪዎቹን ገፍቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ምን ላድርግ? «ጌታ ይወድሃል» ልለው አፌ ላይ መጣ። እኔ! መሳይ ሆንኩልሽ። ከዚያ ደግሞ በአንቺ ፋንታ ቢሯችሁ አንዴ ልኮት የተመለሰው ልጅ እንዳለው «ስሜትዎ ከአሥር ስንት ነው?» ልለው ነበር። ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ዓይኔን ሳልጨፍን በሆዴ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አዙርልኝ» አልኩ። አልዞረም።

ይልቅ ለግድግዳው እንዲህ አለው፦ «እህትህ ስትቀመጥ እግሯ አይወዛወዝም። ያንተ ይረብሸኛል።»

እግሬን ያዝኩት። ከእጄ እያመለጠ ይወዛወዛል። እንዴት ነው የሚደረገው? ያን አቀማመጥ ኮሌጅ ነው ያስተማሩሽ ወይስ ሽንት ቤት በር ቆልፈሽ ነው የተማርሽው? እኔ የሁለቱም ይመስለኛል። አለቃሽም ወንድም መሳይም ግማሽ ግማሹን ብቻ ስለሚያውቁ አትጠይቂያቸው። እኔ የምፈራው ሌላ ማክሰኞ መጥቶ ፊቱን ሳይታጠብ እንዳላገኘው ነው። ያኔ ዳማም ቀልድም የለኝም። ሶሻል ወርከሯ አንቺ ነሽ፤ ነይና ሥሪ። ዘይነብ ትሰድብሻለች፣ ይገባሻል፣ ቁሚና ስሚያት። የድሮ ቢሮሽ ባይልክሽ እንኳ ጎረቤት ሆነሽ ነይ።

በነገራችን ላይ ኅብረቱ አልሞተም። ሁለት ረቡዕ አኩርፎ ባለፈው ተነሳ። እህት ኢየሩ ዱቄት ይዛ መጣች። ወንድም መሳይ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከዛሬ ጀምሮ የሰው ጉዳይ በየልባችን ይሁን» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። ሻይ ስቀዳላቸው «ጥብስ ልጨምርልዎት?» አልኳቸው፣ በስተመጨረሻ ሳቁ።

አሁን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ለዚህ ሁሉ ገጽ የሚሆን ነገር የለውም። አንዲት ሴት ደስ ብሏት አንድ ዓረፍተ ነገር አበዛች። አንድ ሰው እግሩ የማይወዛወዝ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ትንሽ ነገር ናት፣ የአንድ ማክሰኞ መንገድ።

የሐይቁ ንፋስ ሳይመታሽ፣ ጉማሬዋ ሳታይሽ፣ ጌታ በደህና መልሶ ያምጣሽ። በር ዘግተሽ ብትጸልዪ አልደበድብም፣ ቃሌ ነው፤ ካልቸኮለኝ በስተቀር።

ብሎክ የተደረገው ወንድምሽ፣
ማቲ

የእማዬን ስልክ ቻርጅ አድርጌዋለሁ።