ጠፍ ያልከው አገር

ጀውሃ፣ ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባቴ በመስከረም ሞቷል። እናቴ አለች፣ ዓይኗ ግን እየደከመ ነው። ታናሼ አደም ቁመቱ ከእኔ በልጧል። የቀረነው ይህን ያህል ነን።

ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካላነሳሁት ግን ረሳሁት ትል ይሆናል።

በ1961 የቆላውን ወንዝና ሰው መዝግብ ተብለህ ከመሥሪያ ቤትህ ስትላክ፣ በሦስት እግር የሚቆመውን መነጽርህን የተሸከመችው በቅሎ አገሩን ከአንተ ይልቅ ታውቀው ነበር። ቤታችን የደረስከው በወባ እየተንቀጠቀጥክ ነው። እናቴ በራሷ መደብ ላይ አስተኝታ፣ የአብሽ ውሃ እያጠጣች አስታመመችህ። ሲሻልህ እኔ እየመራሁህ ዞርን። ሸዋ ሮቢት ወጥቼ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ የወንዙን ስም የምጠራልህም ፊደሉን የማርምልህም እኔ ነበርኩ። ይህ በክረምት ብቻ የሚወርድ ነው፣ ያኛው ከብት የሚጠጣበት ነው፣ እዚያ ግራሩ ሥር በበጋ አፋሮች ይሰፍራሉ እልሃለሁ፤ አንተ ትጽፋለህ። ሰውንም አብረን ቆጠርን። ከወንዝ ማዶ መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ነፍስ። ፀሐዩ ሲከር ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ወጥተን እናርፍ ነበር።

በሃያኛው ቀን አባቴ ጎረቤት ሰብስቦ፣ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባህ። «ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ነህ፤ ፋዲላም እህትህ ናት» አለ። ሁሉም መረቀ። እኔ ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። እንስራው ግን ሙሉ ነበር። ስላለፉት አሥራ ዘጠኝ ቀኖች እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ አባቴ፣ «ልጄ፣ ከወንዝ ማዶ ያለነውን አትጻፈን። ስሙ የተጻፈ ሰው ግብር አያጣውም፤ የኛ ማሽላ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚያፈራው» አለህ። አንተ፣ «አለቃዬ ይጠይቀኛል፣ ሐሰትም ነው» አልክ። «ልጄ አይደለህም?» አለህ። ያኔ ወደ እኔ ዞርክ። እኔም «አባቴ ያለህን አድርግ» አልኩህ። ይህን አልክድም፤ ከጥፋቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ። ቆጠራውን ቀደህ እሳት ውስጥ ጨመርከው። በአዲስ ወረቀት ላይ «ሰው የማይኖርበት ጠፍ መሬት» ብለህ ጻፍክ። አባቴ ግንባርህን ሳመህ።

ሦስት ዓመት ግብር ጠያቂ አልደረሰብንም። አባቴ ሰግዶ ባበቃ ቁጥር ስምህን እየጠራ ዱዓ ያደርግልህ ነበር።

አምና በመጋቢት አንድ ባለጸጋ ከአዲስ አበባ ወረቀት ይዞ መጣ። ጠፍ ነው ተብሎ መሬቱ ለጥጥ እርሻ ተሰጥቶታል። ሽማግሌዎቹ «እኛስ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አብሮት የመጣው ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «እዚህ ላይ ወንዝ አለ፣ ግራር አለ፣ አውሬ አለ። እናንተ የላችሁም» አላቸው። ጽሕፈቱ የአንተ ነበር። የወንዞቹ ስም እኔ እንዳረምኩልህ ነው፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም።

አባቴ አልደነገጠም። «ልጄ እዚያ አለ። አንድ ቃል ይናገርልናል» አለ። አውቶቡስ ተሳፍረን መጣን። የመሥሪያ ቤትህ በር ላይ ሁለት ቀን ቆምን። በሁለተኛው ቀን ከሦስት ሰዎች ጋር ወጣህ። ዘበኛው፣ «እኚህ ሽማግሌ ልጄ ነው ይሉዎታል» አለህ። አየኸን። ቀድመህ ያየኸው እኔን ነው። «አላውቃቸውም» አልክ።

እውነቱን ብትናገር ከሥራህ እንደምትባረር አይጠፋኝም። ግን አባቴ ሊስምህ እጁን ዘርግቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ከገባህ በኋላም አልሰበሰበውም፤ እኔ ነኝ ይዤ ያወረድኩት።

 ስንመለስ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ስንጀምር፣ «ለእናትሽ አላገኘነውም በያት። ለሥራ ጎጃም ልከውታል በያት» አለኝ። አልኳት።

በሰኔ ትራክተር ገባ። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ነበር። ቤቱን አፈረሱት፤ የመቃብራችንን ድንጋይ ለቦይ ወሰዱት። ገሚሱ ሰው ወደ አፋር ወረደ፣ ገሚሱ ደጋ ወጣ። እኛ ጀውሃ መንገድ ዳር ጎጆ ቀለስን። አባቴ በገዛ መሬቱ ላይ በቀን ሠራተኛነት ቦይ ሲቆፍር ንዳድ ያዘው። «ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አትቀየሚው» ብሎኝ ሞተ። እኔ ግን እንደ እሱ አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መጥተው ነበር። ከመርጨታቸው በፊት በየቤቱ ያለውን ሰው ጠይቀው ቁጥሩን በሩ ላይ ይጽፋሉ። እናቴ «አራት ነን» አለች። እኔ «ሦስት ነን» አልኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ሁለታችንን አየን። እናቴ ተቆጣችኝ። «ልጄን አትቀንሺብኝ! ጎጃም ነው እንጂ አልሞተም» አለች። ሰውየው አራት ብሎ ጻፈ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ለእኔ ብለህ አይደለም። ከጎጃም እንደተላከ አድርገህ አንድ ገጽ ጻፍላት። ደኅና ነኝ በላት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው በላት። የአባቴን ሞት እንዳልሰማህ ሁን። የማነብላት እኔ ስለሆንኩ አትፍራ። ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ብሎ መጻፍ እንደሆነ ታውቅበታለህ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እንጀራህንም አይንሳህ፤ ብዙ ሰው ተነቅሎለታልና።

አባቴ እህትህ ያደረገኝ